ሐሙስ ሐሙስ የሚከፈት ጆሮ

እናንተዬ፣ እስኪ የያዛችሁትን ለአፍታ አስቀምጡትና ይሄን ስሙኝ። መሃል ላይ ሳቄ ከቀደመኝ ይቅር በሉኝ። ሰው ወደ ፈጣሪው ሲጸልይ ጆሮዬን ክፈትልኝ ይላል አይደል? ይቺ የምነግራችሁ ሴት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ተንበርክካ፣ «ጌታዬ፣ እባክህን ሐሙስ ዕለት ድፍን አድርግልኝ» ስትል የከረመች ናት። ባሏ ከጎኗ ሆኖ «አሜን» ይላል። ልጇ ከበሩ ላይ «አሜን» ትላለች። የዕብዶች ቤት እንዳይመስላችሁ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ሴትዮዋ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። የምትሠራበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ አርባ መኪና በአራት ረድፍ ተደርድሮበታል። ሁሉም አንዴ ሲነሱ ወለሉ በጫማ ውስጥ የእግር ጣት ይኮረኩራል። ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታበታለች። የመዝገብ ስሟን የሚያስታውሰው የቢሮው ጸሐፊ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «እትዬ ካቻቢቴ» ነው የሚላት፤ ካቻቢቴው ከሽርጧ ኪስ ተለይቶ አያውቅማ።

አሠራሯ ለየት ያለ ነው። አንዷ መኪና ክር መበጠስ ወይ ስፌት መዝለል ስትጀምር ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ሆዷን ዘርግፎ ግማሽ ቀን ይበረብራታል። እሷ ግን የካቻቢቴውን ጫፍ መኪናዋ ጎን ላይ ታስደግፍና እጀታውን ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ ትለጥፈዋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። ሰፊዋን «ንጂያት» ትላታለች። ትንሽ ትቆይና፣ «ዘይት ጠምቷታል» ወይ «ከስር ያለው የክር ቤት ተበልቷል» ብላ ትነሳለች። ተሳስታ አታውቅም ብላችሁ እዋሻለሁ፤ ሁለቴ ተሳስታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ራሷ ነች የምታወራው።

ታዲያ አንድ እሁድ ጠዋት ስትነሳ ግራ ጆሮዋ የለም። እንዳለ አለ፣ ግን ድፍን ብሏል። በትራስ ውስጥ ሆኖ ሰው የሚያወራላት ነው የሚመስለው። ጸሎት ቤት ገብታ ሰባኪውን በቀኝ ጆሮ ብቻ ሰማችው፤ ግማሹን ቃል ነው ይዤ የመጣሁት ብላ አዘነች። ሰኞም ድፍን። ማክሰኞም ድፍን። ረቡዕ ደረጃ ስትወርድ «ጧ!» አለና ተከፈተ። ወፏ፣ መኪናው፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ ሁሉም ተንጋግተው ገቡ። ተመስገን ብላ ረሳችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ድፍን። አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይዘላል፣ ሲሻው ሁለት ቀን፣ ሲሻው አራት ቀን።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ካልተናገረ የሚታመም ሰው። «ጆሮሽ ዓመት ፈቃዱን እየቆራረጠ እየወሰደ ነው» አላት።

አስተማሪዋ ልጇ ደግሞ፣ «እማዬ ሙች፣ ‘ዕቃ አጥቢልኝ’ ስልሽ ብቻ ነው የሚደፈነው» አለች።

«አንቺ! እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ ዕቃ ማጠብ ያለብሽ?»

«አየህ አባዬ፣ ይሄኛውንማ ሰማች!»

ሲስቁ ሳቀች። ግን አንድ ነገር ደብቃቸዋለች። ግራው በተደፈነበት አንድ ሰኞ ቀኝ እጇ ዘይት በዘይት ስለነበር ካቻቢቴውን በግራ ይዛ የግራ ጆሮዋ አጥንት ላይ ለጠፈችው። የመኪናዋ ድምፅ ከምንጊዜውም በላይ ጎልቶ ገባ! የሰው ድምፅ የማይገባበት ጆሮ የብረት ድምፅ ሲገባበት ደነገጠች። ለማን ይነገራል ይሄ? ጆሮዬ ሰው ሰልችቶት መኪና ብቻ መስማት ጀመረ ልትል ነው?

ቀልዱ ያበቃው በቁልፏ ምክንያት ነው። ቁልፏ የምትባለው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ ናት፤ በአዳራሹ ውስጥ አንደኛ ተጫዋች። አንድ ማክሰኞ በረፍት ሰዓት ቁልፏ የሆነ ነገር ጣል አደረገች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው አንዷ ካንዷ ላይ ወደቁ።

«ምን አልሽ?» አለች ካቻቢቴ፣ ገና ሳይነገራት መሳቅ ጀምራ።

ቁልፏ እንባዋን እየጠረገች፣ «ምንም፣ ተዪው ባክሽ» አለቻት።

ቁልፏ ክፋት አልነበረባትም፤ ቀልድ ሁለቴ ሲነገር ስለሚቀዘቅዝ ነው። ካቻቢቴ ግን ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋባት ያህል ሆነች። እናቷን አስታወሰቻ። እናቷ በስተርጅና መስማት ሲያቅታቸው ቤቱ መጀመሪያ ይጮህላቸው ነበር። ከዚያ ይደግምላቸው ጀመር። ከዚያ ሰለቸው። «ምን አላችሁ ልጆቼ?» ሲሉ «ምንም እማማ» ይባሉ ነበር። ካቻቢቴ ራሷ ስንት ጊዜ ብላቸዋለች! እሳቸውም ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው፣ ሁሉም ሲስቅ ዘግየት ብለው ፈገግ ይላሉ፣ ሰዉን ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ። እሷ መደንቆሩን አይደለም የፈራችው። ያንን «ምንም»ን ነው።

በዚያው ሳምንት አንዷን መኪና እያዳመጠች ነበር። ቀኝ ጆሮዋ ላይ ካቻቢቴው፣ ግራው ድፍን፣ ዓይኗ ጭፍን። ከጎኗ ቁልፏ እጅጌዋን መኪናው ያዘባትና ጮኸች። የዚያ መኪና ማጥፊያ ያለው ካቻቢቴ ክንድ ስር ነው። ሰፊዎቹ ሁሉ «አጥፊው! አጥፊው!» ይላሉ። እሷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። መጨረሻ ላይ ተቆጣጣሪው ሮጦ መጥቶ አጠፋው። እጅጌው እስከ ክርን ተተርትሯል፤ እጇ ግን፣ የሱ ስም ይመስገን፣ ጭረት አልነካውም።

ተቆጣጣሪው «መቀሱ» ነው የሚባለው፤ ቃል ሁሉ ቆርጦ ነው የሚናገረው። ቢሮ ጠራት።

«እጅ ቢሆንስ?» አላት።

ካቻቢቴውን ከኪሷ አውጥታ በሽርጧ ወለወለችው።

«የሐኪም ወረቀት አምጪ። ጆሮሽ ምን እንደሆነ የሚል። ወሩ ሳያልቅ። ካልሆነ መኪና የለም፤ ቁልፍ ቆጠራ።»

ክፉ ሰው አይደለም። እሷም በሱ ቦታ ብትሆን እንደዚያው ትል ነበር። የባሰ ያሳዘናትም ይሄው ነው።

እንግዲህ ሩጫው ተጀመረ። ሰፈሯ ያለ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ያገኘችው ወጣት የጤና ባለሙያ በመብራት አየና «ትንሽ ኩክ ነው፣ የማንም ጆሮ ውስጥ አለ» ብሎ ሸኛት። ዋናው ሆስፒታል የጆሮ ሐኪም አለች፤ የምትገባው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ መርማሪው ጋ፣ መስኮት ያላት ቁምሳጥን በመሰለች ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አጥልቆ መቀመጥ አለ። ጢጥ ሲል እጅ ማንሳት ነው። እሷም አነሳች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀጭኑ፣ ወፍራሙ፣ ሁሉም ተሰማት ማለት ይቻላል። ለምን ቢሉ ሐሙስ ነዋ! ረቡዕ ተከፍቶላታል!

«እናቴ፣ ከኔ ይሻላል ጆሮሽ» አለ መርማሪው። «ለሐኪሟ የሚቀርብ ነገር የለሽም።»

«ሰኞ ብታየኝ ኖሮ…»

«ሰኞ የለንም።»

በሁለተኛው ሐሙስ «አሁንም ደህና ነው» አላት። በሦስተኛው ሐሙስ ገና በበሩ ስትገባ፣ «መጣሽ? ጢጢጥ ናፈቀሽ?» አላት፤ ከዚያ ካርዷ ላይ «ጭንቀት ሊሆን ይችላል» ብሎ ጻፈ።

«እውነቱን ነው» አለች ለባሏ። «እሱን ካየሁ ወዲህ ጭንቀት ይዞኛል።»

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ብቻ ቀረ። ጸሎቱ የተጀመረው እንግዲህ ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ በደንቡ «ፈውሰኝ» ነበር የምትለው። በኋላ ግን አሰበችበት። ሐኪም ሳያየው ቢድንስ? ነገ ተመልሶ ቢመጣስ? ወረቀቱስ? ስለዚህ ተንበርክካ በግልጽ ተናገረች። «ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ። መዝጋትህ ካልቀረ ሐሙስ ዝጋው። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው።»

«አሜን» አለ ባሏ። «ወረፋው ረጅም ስለሆነ ግን ጌታዬ እስከ ሰባት አድርገው።»

ያን ሳምንት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ጠፋ። አርብ የሄደ ቅዳሜ አልመጣም። እሷ ቅዳሜ ማታ፣ አንዱን ሳምንት ዘላ አንዱን ሳምንት፣ ጸጉሯን ፈትታ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች መታጠብ ልማዷ ነው። ለእሁድ ጸሎት ንጹሕ ሆና ለመቅረብ። በዚህ ቅዳሜ ግን በባልዲ የቀረችው ለምግብም አትበቃ፤ ፊቷን ብቻ እርጥብ በርጥብ አድርጋ ጸሎት ቤት ሄደች። እሁድ ጆሮዋ ክፍት። ሰኞ ክፍት። ማክሰኞ የጉንዳን ኮቴ ሁሉ የሚሰማት መሰላት። ረቡዕ ማታ አለቀሰች።

«ሌላ ጊዜ እንዲህ ሰምቼ አላውቅም» አለች፣ ይሄን የመሰለ መርዶ የለም በሚል ድምፅ።

ሐሙስ ንጋት ላይ ቧንቧው አንዴ ሳለ። ሁለቴ ሳለ። ከዚያ ዝገት ተፋና ንጹሕ ውሃ ለቀቀ። ዘላ ተነሳች። «ቢያንስ ሐኪም ፊት የሳምንት አቧራ ይዤ አልቀርብም!» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። በጆግ አናቷ ላይ አፈሰሰች፣ በሳሙና አሸች፣ አፈሰሰች፣ ለሳምንቱ ሁሉ የሚሆን ውሃ አፈሰሰች። ወጥታ መስታወት ፊት ቆማ ጸጉሯን እያበጠረች ሳለ የማበጠሪያው ድምፅ በግራ በኩል ቀረ።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ጣቷን ግራ ጆሮዋ አጠገብ አምጥታ አፋጨች። ምንም። እንደገና አፋጨች። ምንም!

«ተደፈነ!» ብላ ጮኸች። «ጎበዝ፣ ተደፈነልኝ!»

ባሏ ጺሙን እየተላጨ ነበርና ግማሽ ፊቱ ሳሙና ሆኖ ወጣ። ልጇ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ አንዱን ባዶ አድርጋ መጣች። ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨፈሩ። ልጇ ድንገት ቆመችና፣ «እንዴ አባዬ፣ አታዝልላት! ቢከፈትስ!» አለች።

ጭፈራው ቆመ። እውነትም! ከዚህ በኋላ አታዛጊ፣ አታስነጥሺ፣ ማስቲካ አታላምጪ፣ ደረጃ ቀስ በይ ተባለ። እሷም ጢም ብሎ የሞላ እንስራ የተሸከመች መስላ አንገቷን ገትራ ወጣች። ባሏ፣ ግማሽ ጺሙ እንዳለ፣ ታክሲ አስቁሞ የፊት ወንበር ገባ። ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ለታክሲ ነጂው እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ ጉድጓዷን ቀስ ብለህ እለፋት። የተደፈነ ጆሮ ጭነናል።»

ነጂው በመስታወት አያት። አንገቷ አልተነቃነቀም። እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ።

ሆስፒታሉ ጋ ወረፋው እስከ በር ደርሷል። ከፊቷ ያሉት ሰዎች ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ። ባሏ ነገራቸው። አንዱ ሳቀ፣ ሌላዋ ሳቀች፣ ከዚያ አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ «ሳይከፈትባት አሳልፏት እባካችሁ! የኔ እንደሆነ የትም አይሄድም» አሉ። እጅ በእጅ ተቀባብለው አሳለፏት።

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። «ዛሬም?»

«ዛሬማ ታያለህ!» አለችው።

ቁምሳጥኗ ውስጥ ገባች። ቀኝ ላይ እጇን አነሳች። የግራው ተራ ሲደርስ እጇን ሳታነሳ ተቀመጠች። ተቀመጠች። በመስኮቷ ስታየው ሰውዬው ቁልፉን ያዞራል፣ ያዞራል፣ ቅንድቡ ይወጣል። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ፣ «ይሄን ሁሉ አልሰማሽም?» አላት።

«አልሰማሁም!» ብላ አጨበጨበች። ባሏም አጨበጨበ። ወረፋው ላይ ያሉትም አጨበጨቡ። ምርኩዝ የያዙት አዛውንት «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት።

ሐኪሟ የልጇ እኩያ ናት። ሁለት ሰዎች እየሳቁ ሲገቡባት ግራ ገባት።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ዶክተርዬ፣ ደንቁሬ ነው» አለች ካቻቢቴ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ሐኪሟ ፈገግ አለችና ከመሳቢያዋ ሁለት ጣት ያለው ብረት አወጣች። መዳፏ ላይ መታ አድርጋ ብረቱን ከግራ ጆሮዋ ፊት አቆመችው። «ይሰማል?» አይሰማም። እንደገና መታችውና እግሩን ከግራ ጆሮዋ ኋላ፣ አጥንቱ ላይ አሳረፈችው።

ካቻቢቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ይሄማ የኔ ካቻቢቴ ነው!»

«ምን?»

ከቦርሳዋ መዝዛ አወጣችው። ስታወራ ቃሉ ይቀዳደማል። መኪናዎቹን፣ አጥንቱን፣ ያንን ሰኞ በተደፈነው ጆሮ ጎልቶ መሰማቱን፣ ዕብድ እንዳይሏት መደበቋን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አፈሰሰችው። ሐኪሟ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማቻትና፣

«እትዬ» አለቻት፣ «ይሄን በመጀመሪያው ቀን ብትናገሪ ኖሮ ግማሹን ሥራ ጨርሰሽልን ነበር። አጥንት ሲያሰማ አየር ካላሰማ ውስጠኛው ቤት ጤነኛ ነው ማለት ነው። ነገሩ በሩ ላይ ነው። በሩን ደግሞ አሁን እናያለን።»

መብራት አበራች፣ አጎነበሰች። ቀጭን መቆንጠጫ አነሳች። «እንዳትነቃነቂ። እንዳትስቂም።» ይሄኛው ነበር ከባዱ። አንድ ነገር ከጆሮዋ ውስጥ ተንሸራተተ፣ ተጎተተ፣ «ጧ!» አለ፤ ዓለም ተመልሶ ገባ። ባሏ በአፍንጫው የሚተነፍሰው እንኳ ተሰማት።

ሐኪሟ ያወጣችውን ነጭ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነው፤ ላዩ ኩክ፣ እርጥብ፣ ያበጠ። በመቆንጠጫው ሰንጠቅ አደረገችው። ውስጡ ሐምራዊ ነበር።

«ጨርቅ ነው» አለች ሐኪሟ ተገርማ። «ከየት የመጣ ጨርቅ?»

ካቻቢቴ አጠገቧ ሄዳ አየች፣ በጣቷ ነካ አደረገች፣ ክሩን አወቀችው። ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ መሃል የኖረ ሰው አይሳሳትም።

«ፎጣ!» አለች። «ያ ለሆቴል የሰፋነው፣ ሰው ታጥቦ ሲወጣ የሚደርበው ሐምራዊ የፎጣ ካፖርት! የዛሬ ሦስት ዓመት! ሦስት መቶ ካፖርት በአንድ ሳምንት አድርሱ ተብለን፣ ጩኸቱ ሲበዛብን ሁላችንም ብጣሹን እያድበለበልን ጆሯችን ውስጥ እንወትፍ ነበር። እኔ ቀኙ ለሥራ ስለሚያስፈልገኝ ግራውን ብቻ ወተፍኩት። አወጣሁት ብዬ ነበር እኮ!»

«ግማሹን አውጥተሽዋል። ግማሹ ቀርቶ ኩክ ሲጠመጠምበት ሦስት ዓመት ፈጀ። ሲደርቅ ይሟሽሻል፣ ድምፅ በጎኑ ያልፋል፤ ለሚያየው ኩክ ብቻ ነው የሚመስለው። ውሃ ሲገባበት ደግሞ ያብጣል። ጸጉርሽን መቼ ነው የምትታጠቢው?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ቅዳሜ» አለች ካቻቢቴ ቀስ ብላ።

«ጆሮዋ ውስጥ ፎጣ ይዛ ነው ገላዋን የምትታጠበው!» አለ ባሏና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሐኪሟም አልቻለችም፤ ጭንብሏን አውርዳ ሳቀች። መርማሪው ምን ሆኑ ብሎ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ሳህኑን አየ፣ ካርዱን ወስዶ «ጭንቀት» ያለውን በእስክሪብቶ ሰረዘው።

ሐኪሟ ግራውን እንደገና አስመርምራ፣ «በጣም ቀጭኑን ድምፅ መስማትሽ ግን በሁለቱም በኩል ትንሽ ቀንሷል፤ የመኪናዎቹ ጩኸት ነው። ከእንግዲህ ጨርቅ የለም፤ ደንበኛውን የጆሮ መከላከያ ነው የምታደርጊው» አለቻት።

«እሺ ልጄ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እናቴ መስማት እንዳቃታቸው ነው የሞቱት። የሳቸውን ጆሮ ማንም በመብራት አላየላቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ይሆን ነበር?»

ሐኪሟ አልዋሸቻትም። «አላውቅም እትዬ። ብናያቸው ጥሩ ነበር።»

ካቻቢቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ሐምራዊዋን ኳስ በትንሽ ብልቃጥ አስደርጋ ያዘች።

በማግስቱ አዳራሹ ቆመ ብትሉ ይቀላል። ብልቃጡ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መቀሱ ወረቀቱን አነበበ፣ ብልቃጡን አየ፣ በስተግራዋ ዞሮ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ይሰማል?» አለ።

«ይሰማል። ቁልፍ ቆጠራውን ለራስህ።»

መቀሱ ሳቀ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ለአርባውም ሴቶች መከላከያ መጣ። ከዚያ በፊት ግን በሚቀጥለው ሐሙስ የሁለተኛው ረድፍ ሴቶች በሙሉ ሐኪሟ በር ላይ ተሰለፉ። የአራቱ ጆሮ ውስጥ ጨርቅ ተገኘ። አንዷ አረንጓዴ ወጣላት፤ «የተማሪዎቹ ሹራብ!» ብላ ዓመቱን ተናገረች። ሌላዋ ቢጫ። ሐኪሟ የፋብሪካውን ታሪክ በጆሮ እያነበብኩ ነው አለች ይባላል።

ካቻቢቴ ግን የቀራት ነገር ነበር። በረፍት ሰዓት ቁልፏን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ያኔ ምን ነበር ያልሽው?»

«መቼ?»

«ሁላችሁም የሳቃችሁ ቀን። ‘ምንም’ ያልሽኝ ቀን።»

ቁልፏ ደነገጠች። «ኧረ እሱማ ቀዝቅዟል!»

«ንገሪኝ።»

«መቀሱ… ያን ቀን ሱሪው ከኋላው ተተርትሮ ነበር፣ ሳያውቅ። እኔ ታዲያ፣ ‘የአርባ መኪና ስፌት እያየ የሚውል ሰው የራሱን ማን ይይለት’ አልኩ። ይኸው ነው። አያስቅም እኮ አሁን።»

ካቻቢቴ ግን ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ወንበሯ እስኪንገዳገድ ድረስ ሳቀች። ቁልፏም እሷን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ አቅፋ ትከሻዋ ላይ ትንሽ አለቀሰች። «ሁለተኛ ‘ምንም’ አልልሽም» አለቻት።

እኔም ይህንኑ ልለምናችሁና ልሂድ። ቤታችሁ ውስጥ እናት ትሁን አያት፣ ጎረቤትም ይሁን፣ ሁላችሁም ስትስቁ ዘግየት ብሎ «ምን አላችሁ?» የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ «ምንም» አትበሉት። ቢቀዘቅዝም ድገሙለት። ከዚያ ሐሙስም ቢሆን ሰኞ፣ ጆሮውን በመብራት አሳዩለት።